ድንጋይ አይነድም፤ ታዲያ ኖትር ዳም ለምን ልትፈርስ ነበር?

ሰኞ ማታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ብዙ ሰው እኔም ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የፓሪሷ ኖትር ዳም ካቴድራል እየነደደች ነው። በፓሪስ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ጣሪያዋ መሃል የቆመው ሾጣጣ ማማ ከወገቡ ተሰበረና እሳቱ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ግን ብዙም አልደነገጠም። «የድንጋይ ቤት አይደል እንዴ?» አለኝ። «እንጨቱ ነዶ ያልቃል። ድንጋዩ የት ይሄዳል?»

ያን ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንጋይ አይነድም። ታዲያ ከ400 በላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሌሊቱን ያን ያህል የተጨነቁት ለምንድን ነው?

በጣም የፈሩት ለሰሜኑ የደወል ማማ ነበር። እሳቱ ደወሎቹን የተሸከመው የእንጨት መዋቅር ጋ ደርሷል። እንጨቱ ከተበላ በቶን የሚመዘኑት ደወሎች ይወድቃሉ፤ ሲወድቁም ማማውን ይዘው ይወርዳሉ። የሰሜኑ ከሄደ የደቡቡ መትረፉ ያጠራጥራል። ከዚያ የፊት ለፊቱ ግንብ በሙሉ ይከተላል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ተመረጡና ማማው ውስጥ ገቡ። እሳቱን ከውስጥ ሆነው ያዙት። ኖትር ዳም የተረፈችው ያኔ ነው። (ስሟ በፈረንሳይኛ «እመቤታችን» ማለት ነው። «እሷ» እያልኩ ብጽፍ አትፍረዱብኝ።)

ለጓደኛዬ ጥያቄ ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው እነዚህ ሕንፃዎች የሚቆሙበት ብልሃት ላይ ነው።

አንድ ነገር እንሞክር። ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ቁሙ። መዳፋችሁን ግጠሙ። ከዚያ ሁለታችሁም እግራችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሳቡና እርስ በርስ ተደገፉ። አያችሁ፣ ቆማችኋል። ወለሉ በደንብ የተወለወለ ከሆነ ግን እግራችሁ ይሸሻል፤ ሁለታችሁም መሬት ናችሁ። የድንጋይ ቅስት ማለት ይኸው ነው። ሁለት ጎኖች ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ እግራቸው ግን ምንጊዜም ወደ ውጭ ይገፋል። ቀን ይገፋል፣ ሌሊት ይገፋል፣ 800 ዓመት ሙሉ ይገፋል። ቅስቱ የሚኖረው ያንን ግፊት የሚቀበለው ነገር እስካለ ድረስ ነው።

ከ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የነበሩት የአውሮፓ ግንበኞች ለዚህ ቀላል መልስ ነበራቸው፤ ግድግዳውን ማወፈር። ወፍራም ግድግዳ አይሸሽም። ችግሩ፣ ወፍራም ግድግዳ ላይ ትልቅ መስኮት አይከፈትም። ውስጡ ጨለማ ነው።

ለውጡ የሚጠቀሰው ከፓሪስ በስተሰሜን ባለው በሳን ዴኒ ገዳም ነው። የገዳሙ አለቃ ሱዠር ያሠራው አዲሱ የመሠዊያ ክፍል በ1144 ተባረከ። የተጠቀሙባቸው ነገሮች ለየብቻ ሲታዩ አዲስ አልነበሩም። ጫፉ ሹል የሆነ ቅስት በእስልምናው ዓለም ከዚያ በፊት ይሠራበት ነበር። ጣሪያን በድንጋይ አጥንት መሸከምም በእንግሊዝ በዱራም ካቴድራል ተሞክሯል። ፈረንሳዮቹ ያደረጉት ሁለቱን አንድ ላይ ማምጣት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት።

ሹሉ ቅስት ከክቡ ይልቅ ክብደቱን ወደ ታች ይልካል፤ ወደ ጎን የሚገፋው ያንሳል። የድንጋይ አጥንቶቹ መጀመሪያ በእንጨት ቅርጽ ላይ ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቦታ ደግሞ በስስ ድንጋይ ይሞላል። ስስ ስል በእውነት ስስ ነው። ኖትር ዳም ውስጥ ቆማችሁ ሽቅብ ስታዩት ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የድንጋይ ጣሪያ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከስንዝር ያንሳል። ሦስተኛው ነገር ከውጭ ያሉት የድንጋይ ክንዶች ናቸው። ፎቶ ላይ ሕንፃውን እንደ ሸረሪት እግር ከብበው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ጌጥ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ጣሪያው ወደ ውጭ ሲገፋ ከውጭ ሆኖ መልሶ መግፋት ነው።

ስለዚህ ግድግዳው ከሸክም ነፃ ወጣ። ነፃ የወጣ ግድግዳ መስኮት መሆን ይችላል። ያ ሁሉ ባለቀለም መስታወት የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ ማግስት እንመለስ። ከድንጋዩ ጣሪያ በላይ ከነበረው የእንጨት ጣሪያ ጋር፣ እሱ የለበሰው በመቶዎች የሚቆጠር ቶን እርሳስ ጠፍቷል። ያ ክብደት ግድግዳውን ከላይ ተጭኖ ያጸናው ነበር። የድንጋይ ጣሪያው ሦስት ቦታ ተቀዷል። አንድ ጎን ያለው ክፍል ከወደቀ፣ ከውጭ ሆኖ ሲገፋው የኖረው ክንድ የሚገፋው ያጣል። የሚገፋው ያጣ ገፊ ደግሞ ራሱ ወደ ፊቱ ይደፋል። አንድ መሐንዲስ ሠርቶት በወቅቱ የታወቀ ስሌት እንደሚለው፣ ከእሳቱ በፊት በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር የሚበር ነፋስ ትቋቋም የነበረችው ካቴድራል ከእሳቱ በኋላ 90 ኪሎ ሜትር የሚበር ነፋስ ያሰጋት ነበር። ሥራው እንደተጀመረ በ28ቱ የድንጋይ ክንዶች ሥር ትልልቅ የእንጨት ድጋፍ የተገባው ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ ድጋፎቹ ድሮ ክንዶቹ ሲገነቡ ከሥራቸው የቆሙትን የእንጨት ቅርጾች የሚመስሉ ናቸው። 800 ዓመት አልፎም ያው ብልሃት ነው የሠራው።

ሌላ ራስ ምታትም ነበር። ከእሳቱ በፊት ሾጣጣውን ማማ ለማደስ የቆመው የብረት ርብራብ፣ 40,000 ቁራጭና 200 ቶን ገደማ ብረት፣ በሙቀቱ ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሠራተኞች በገመድ ተንጠልጥለው ቁራጭ በቁራጭ ቆረጡት። እስከ ኖቬምበር 2020 ፈጀ። በዚያ ላይ የእርሳስ ብናኙ አለ። በ2019 ጁላይና ኦገስት ላይ በእርሳሱ ምክንያት ሥራው ለሳምንታት ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ከግቢው የወጣ ሁሉ ልብሱን አውልቆ፣ ሻወር ወስዶ ነበር የሚወጣው። ለምሳ የወጣም ቢሆን።

ይህ የመገፋፋት ጨዋታ ሁልጊዜ የተሳካ እንዳይመስላችሁ። ከፓሪስ በስተሰሜን ቦቬ የምትባል ከተማ አለች። የቦቬ ሰዎች ከሁሉም የሚበልጥ ካቴድራል ፈለጉ። የመሠዊያውን ክፍል የድንጋይ ጣሪያ 48 ሜትር ላይ ሰቀሉት። 16 ፎቅ ያለው ሕንፃ አስቡና መሃሉን ባዶ አድርጉት። በ1272 ተጠናቀቀ። በ1284 ከጣሪያው ብዙው ክፍል ተደረመሰ። ምክንያቱን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የቦቬ ሰዎች ግን ለክርክር ጊዜ አላጠፉም፤ በአዕማዱ መሃል ሌላ ዓምድ እየጨመሩ መልሰው ሠሩት።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሀብት ሲገኝ የሕንፃውን ቀሪ ክፍል፣ ማለትም ምእመኑ የሚቆምበትን ረጅም አዳራሽ፣ መጨረስ ይችሉ ነበር። ምን መረጡ? ማማ። 153 ሜትር የሆነ ማማ። በ1569 አለቀ። በ1573፣ በዕርገት በዓል ቀን ወደቀ። አራት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ዛሬ ቦቬ ብትሄዱ የምታገኙት ግማሽ ካቴድራል ነው፤ ውስጡ በእንጨትና በብረት ተደግፏል። ረጅሙ አዳራሽ ሊሠራበት በታሰበው ቦታ ላይ ደግሞ ለአዲሱ ሲባል ሊፈርስ የነበረው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆሟል። ትንሹ ተረፈ። እንዲህ ያለ ነገር ልብ ወለድ ላይ ቢጻፍ «አበዛው» እንላለን።

ያለ ሒሳብ ስሌት እንዴት ደፈሩ? የድንጋይን ጥንካሬ በቁጥር የሚያሰላ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። የነበራቸው ገመድ፣ ኮምፓስ፣ ቱንቢና ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአለቃ ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ የምጥጥን ሕግ ነው። ዋናው ግንበኛ የእያንዳንዱን ድንጋይ ቅርጽ በትክክለኛ መጠኑ ወለል ላይ ይስለዋል። በእንግሊዝ በዮርክ ካቴድራል እንዲህ ያለ መሳያ ወለል፣ ጭረቱ ሳይጠፋ፣ አሁንም አለ። ከሥዕሉ ላይ በስስ እንጨት ልክ ይወጣለታል። ጠራቢው ያንን ልክ ይዞ ይጠርባል። ሕንፃውን በሙሉ መረዳት አይጠበቅበትም፤ ልኩን ከጠበቀ ድንጋዩ ቦታው ላይ ይገጥማል።

ከዚያ ዘመን የቀረልን አንድ ድንቅ ደብተር አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ቪላር ደ ኦንኩር የተባለ ሰው የሳለው ነው፤ 33 ቅጠል ቀርቶታል። ማሽን፣ የሰው ፊት፣ አንበሳ፣ የካቴድራል ንድፍ፣ ሁሉም ተደባልቆበታል። ከገጾቹ በአንዱ ላይ የላን ከተማን ካቴድራል ማማ ስሏል። ማማው ላይ በሬዎች አሉ። እውነት ነው፣ ዛሬም ላን ብትሄዱ 16 የድንጋይ በሬዎች ከማማው ላይ ሆነው ከተማውን ቁልቁል ያያሉ። ድንጋዩን ተራራ ላይ ለጎተቱት በሬዎች መታሰቢያ ናቸው ይባላል። ለበሬ ሐውልት ያቆመ ሕዝብ እኔ ልብ ውስጥ ቦታ አለው።

ድንጋዩ ወደ ላይ የሚወጣው በትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ነው። ሰው ውስጡ ገብቶ ይራመዳል፣ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ገመዱ ይጠቀለላል። የአውሮፓ ክረምት ሲመጣ ግንባታ ይቆማል፤ ብርድ የኖራውን ቡኬት ስለሚሰነጥቀው ያልተጠናቀቀው ግድግዳ በገለባና በፍግ ይሸፈናል። ኖራ ለመድረቅ ወራት ይፈጅበታል። ይህ መዘግየት ጥቅምም አለው። ሕንፃው ቀስ እያለ ሲረጋ ቡኬቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ አብሮት ይለመጣል። ሲሚንቶ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም።

«መቶ ዓመት የፈጀ» የሚባለው ነገርም ግማሹ አፈ ታሪክ ነው። ሻርትር በ1194 ተቃጠለ፤ ዋናው ሕንፃ 30 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ቆመ። ገንዘብ ካለ ሥራው ይሮጣል። ገንዘብ ከሌለ እንደ ኮሎኝ ነው፤ በ1248 ተጀምሮ በ1880 አለቀ። በመሃል ሥራው ተቋርጦ፣ ያልተጨረሰው ማማ ላይ አንድ የእንጨት ክሬን ለብዙ መቶ ዓመታት ተገትሮ ቆየ። የከተማው መለያ ሆኖ ነበር አሉ። ደግሞም ሁሉም በእምነት ተነሳስቶ፣ በደስታ ያዋጣ አይምሰላችሁ። በራንስ ከተማ በ1233 ሕዝቡ በሊቀ ጳጳሱ ላይ አምፆ ነበር። የካቴድራሉ ግንባታም ተቋረጠ።

ኖትር ዳም ራሷ በ1163 ተጀመረች። ዋናው መሠዊያ በ1182 ተባረከ። ሁለቱ የፊት ማማዎች የ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ደረሱ። መጨረሻዋን እስከ 1345 የሚወስዱት አሉ። ከእሳቱ በኋላ ደግሞ አንድ ያልታወቀ ነገር ወጣ። ጣሪያው ሲነሳ፣ በግድግዳዎቹ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዙ በርካታ የብረት መቆንጠጫዎች ተገኙ። በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ1160ዎቹ ጀምሮ የተገጠሙ ናቸው። እስከ አሁን በሚታወቀው፣ ድንጋይን ለማያያዝ ብረትን እንዲህ በብዛት የተጠቀመች የመጀመሪያዋ የጎቲክ (ባለ ሹል ቅስትና ባለ ድንጋይ አጥንት የሆነው ያ የአሠራር ስልት) ካቴድራል እሷ ናት። ንጹሕ ድንጋይ ስንላት የኖርናት ሕንፃ ከመነሻዋ ብረት ለብሳለች። «የድንጋይ ቤት አይደል እንዴ?» ላለው ጓደኛዬ ይህንን ሳልነግረው አልቀረሁም።

በእሳቱ ማግስት የፈረንሳይ ፕሬዝዳንት ማክሮን «በአምስት ዓመት ውስጥ» ብለው ቃል ገቡ። ብዙ ባለሙያ ሳቀ። ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአዲስ ማማ ዓለም አቀፍ ውድድር ይከፈታል አሉ። ጉድ ፈላ። የመስታወት ጣሪያ፣ ጣሪያው ላይ አትክልት፣ እንዲያውም መዋኛ ገንዳ የሚል ሐሳብ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ዋናው አርክቴክት ፊሊፕ ቪልነቭ ማማው እንደነበረ ካልተሠራ ሥራዬን እለቃለሁ የሚል አቋም ያዘ። ሥራውን እንዲመሩ የተሾሙት ጄኔራል ዣን ሉዊ ዦርዥለን ደግሞ በፓርላማ ኮሚሽን ፊት፣ ሰውየው አፉን እንዲዘጋ ነግሬዋለሁ አሉ፤ ቃሉ ከዚህም የጎረበጠ ነበር። በጁላይ 2020 ግን አርክቴክቱ አሸነፈ። ማማውም፣ ጣሪያውም፣ እርሳሱም «እንደነበረ» ይሆናል ተባለ።

«እንደነበረ»። እዚህ ላይ ቆም እንበል። መቼ እንደነበረ?

የወደቀው ማማ የመካከለኛው ዘመን አልነበረም። የመጀመሪያው ማማ አርጅቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈርሷል። እሳቱ የበላው ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት በ1859 የጨረሰው ነው። ሰውየው ከድሮው ከፍ አድርጎ፣ አሳምሮ ሠራው። በማማው ዙሪያ ካቆማቸው የመዳብ ሐዋርያት መካከል ቅዱስ ቶማስን በራሱ መልክ አስቀረጸው፤ ቶማስ የአርክቴክቶች ጠባቂ ስለሆነ። ሌሎቹ ከተማውን ሲያዩ እሱ ዞሮ የሠራውን ማማ ሽቅብ ያያል። (ሐውልቶቹ የተረፉት ለእድሳት ከእሳቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ስለወረዱ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል!)

ሌሎች ካቴድራሎችም «እንደነበረ» አልተደረጉም። የሻርትር ጣሪያ በ1836 ሲቃጠል በብረት መዋቅርና በመዳብ ተተካ። የራንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነድ ከጦርነቱ በኋላ በኮንክሪት ተሠራ። የናንት ጣሪያ በ1972 ተቃጥሎ በኮንክሪት ተተካ፤ በ2020 ሕንፃው እንደገና እሳት ሲነሳበት ጣሪያው ሳይነካ ቀረ። ስለዚህ ኖትር ዳምን በኦክ እንጨት (በመጽሐፍ ቅዱሳችን ባሉጥ የሚባለው ነው) መሥራት ግዴታ አልነበረም። ምርጫ ነው። እርሳሱን መመለስ ደግሞ፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ ያን ሁሉ ብናኝ ካዩ በኋላ ለማስረዳት የሚከብድ ምርጫ ነው።

የእንጨቱን ምርጫ ግን እደግፋለሁ። ምክንያቴ መልኩ አይደለም፤ ከታች ሆኖ ጣሪያውን ውስጥ የሚያየው ሰው የለም። ምክንያቴ ያ ምርጫ ያስነሳው ሙያ ነው።

የድሮ አናጺ ግንዱን እርጥብ እንዳለ፣ በመጥረቢያ ነበር አራት ማዕዘን የሚያወጣው። መጥረቢያ የእንጨቱን ጭረት ይከተላል። ግንዱ ትንሽ ከጎበጠ ምሰሶውም ትንሽ ይጎብጣል፤ ጭረቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ይቀጥላል። መጋዝ ይህን አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ጭረቱን ይበጥሰዋል። «ታዲያ በዚህ ዘመን ማን በመጥረቢያ ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ነበር። መልስ የሰጡት አናጺዎች ናቸው። በሴፕቴምበር 2020 ከጣሪያው ክፈፎች አንዱን በእጅ ጠርበው፣ ካቴድራሏ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ በገመድ እየሳቡ ሕዝብ እያየ አቆሙት። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ረገበ።

እነዚህ ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም። በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር ጌደሎን በሚባል ቦታ ከ1997 ጀምሮ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ ብቻ አንድ ቤተ መንግሥት ይገነባል። ብዙ ሰው የቱሪስት ጨዋታ ነው ብሎ ሲያልፈው ኖሯል። ኖትር ዳም ላይ የሠሩ አናጺዎች ግን እዚያ ነው እጃቸውን ያፍታቱት። አልሳስ ያለ አንጥረኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ ብሎ ወደ 60 የሚጠጉ መጥረቢያዎች ቀጠቀጠ። ልኩም ነበር፤ በ2014 ሁለት አርክቴክቶች የጣሪያውን እንጨት አንድ በአንድ ለክተው ስለው ነበር። አንድሪው ታሎን የሚባል የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁርም ሕንፃዋን በሙሉ በሌዘር ለክቷል። ከእሳቱ ጥቂት ወራት በፊት ስላረፈ ልፋቱ ምን እንዳዳነ አላየም።

ወደ 2,000 ኦክ ተቆረጠ። ወደ 250 ድርጅቶችና 2,000 ያህል ባለሙያዎች ተሳተፉ። ከ150 አገራት 340,000 ገደማ ሰዎች ወደ 840 ሚሊዮን ዩሮ አዋጡ። ዲሴምበር 7 ቀን 2024 በሯ ተከፈተ፤ ከአምስት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ። ማክሮን ስምንት ወር ቢሳሳቱ ይማርላቸው።

አሁን ያለው ጠብ የመስኮት ነው። በደቡብ በኩል ካሉት የጎን ጸሎት ቤቶች በስድስቱ ላይ ያሉት መስታወቶች የቪዮሌ ለ ዱክ ዘመን ሥራ ናቸው። እሳቱ አልነካቸውም። ማክሮን ግን በዲሴምበር 2023 በአዲስ ሥራ ይተኩ አሉ፤ የፓሪሱ ሊቀ ጳጳስ ሎራን ኡልሪክም ሐሳቡን ደገፉ። የቅርስ ኮሚሽኑ በጁላይ 2024 በሙሉ ድምፅ ተቃወመ። ከ100 ሺህ በላይ ሰውም በተቃውሞ ፈረመ። መንግሥት ግን ገፋበት፤ ክሌር ታቡሬ የተባለች ሠዓሊ ተመረጠች። ርዕሱ ጰራቅሊጦስ ነው፤ ዕቅዱ በ2026 መጨረሻ ለመግጠም ነው።

የሁለቱም ወገን ክርክር ትንሽ ያስቀኛል። «የመካከለኛው ዘመን ቅርስ ይከበር» የሚሉት የሚከላከሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን መስታወት ነው። «እያንዳንዱ ዘመን አሻራውን ያኑር» የሚሉት ደግሞ በ1750ዎቹ የካቴድራሏ ካህናት ብርሃን ይግባ ብለው የመካከለኛውን ዘመን ባለቀለም መስታወት አስወልቀው ነጭ መስታወት ማስገጠማቸውን ይረሳሉ። ዛሬ ያንን እንደ ወንጀል ነው የምናየው። በላይኛው ረድፍ ያሉት መስታወቶች ደግሞ በ1960ዎቹ የገቡ ናቸው። ማንም አይጣላቸውም።

እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጎን ነኝ። መስታወቶቹ በጣም ያረጁ ስለሆኑ አይደለም። እሳት የበላውን መተካት አንድ ነገር ነው፤ እሳት ያለፈውን በእጅ አውልቆ ማንሳት ሌላ። ታቡሬ ጎበዝ ሠዓሊ ናት። ባዶ መስኮት ይፈለግላት።

ስለ ማክሮን ካነሳን፣ እኛ ጋም የሚነካ ነገር አለ። ከእሳቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 2019፣ ሰውየው ላሊበላ ነበሩ። ፈረንሳይ አብያተ ክርስቲያናቱን በመንከባከብ ልትረዳ ቃል የገባችው ያኔ ነው። ኖትር ዳም በተከፈተች በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ አዲስ አበባ መጥተው በፈረንሳይ ድጋፍ የታደሰውን ብሔራዊ ቤተ መንግሥት መረቁ። ላሊበላና ኖትር ዳም ዘመነኞች ናቸው ሊባል ይችላል፤ ንጉሡ የሚታሰበው በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የሥራው ሐሳብ ግን ተቃራኒ ነው። ፓሪስ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጨመረ፤ ላሊበላ ላይ ከአንድ አለት ውስጥ ትርፉ ተቀነሰ። የሚገፋ ቅስት የለም፣ የሚመክት ክንድ አያስፈልግም። ጠላቱ ውኃና ስንጥቅ ነው። ኖትር ዳም ላይ የተጎዳ ድንጋይ ይወጣል፣ በሌላ ይተካል። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ የሚወጣ ነጠላ ድንጋይ የለም፤ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ ፈረንሳዮች ባለ መጥረቢያ አናጺ ከየትም አምጥተው ያዳኑትን ነገር እኛ ዘንድ በቀጥታ ልንቀዳው አንችልም። ልንወስድ የምንችለው፣ እንደነዚያ ሁለት አርክቴክቶች፣ አደጋ ሳይመጣ እያንዳንዷን ስንጥቅ ለክቶ ማስቀመጡን ነው። ሜትርና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የኖትር ዳም የመጀመሪያ ዋና ግንበኛ ማን እንደሆነ አይታወቅም። በ1163 ገመዱን የዘረጋው፣ ኮምፓሱን የያዘው ሰው ስሙ የለም። ሕንፃዋ ላይ ተቀርጾ የሚነበብ የግንበኛ ስም በደቡቡ በር ግርጌ ያለው ነው፤ ዣን ደ ሼል ይላል፣ ዘመኑ 1258 ነው። ከዚያ ውጭ ጠራቢዎቹ በየድንጋዩ የተዉት ምልክት አለ፤ መስመር፣ ኮከብ፣ ቀስት።

ጄኔራል ዦርዥለን ሥራው ሲያልቅ አላዩም፤ በ2023 ኦገስት ተራራ ላይ በደረሰ አደጋ አረፉ። ስማቸው በአዲሱ ማማ እንጨት ላይ ተቀርጿል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አዲሱ ወርቃማ አውራ ዶሮ ማማው ጫፍ ላይ ወጣ፣ 96 ሜትር ላይ። ከመውጣቱ በፊት ሆዱ ውስጥ አንድ የታሸገ ቱቦ ከተቱበት። ቱቦው ውስጥ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የአናጺው፣ የጠራቢው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ብረት የቆረጠው፣ የ2,000 ያህል ሰዎች ስም ተጽፏል።